ቪዮሌ-ለ-ዱክ፦ ሙያችን እስከ ዛሬ የሚጨቃጨቅበት ሰው

የቅርስ ጥበቃ ኮርስ የወሰዳችሁ የባች ጓደኞቼ ስሙን አትረሱትም። ፈተና ላይ ከራስኪን ጋር አነጻጽሩ ተብሎ ያላቃሰተ የለም። እኔ ግን ሰውዬውን ከልቤ ማንበብ የጀመርኩት ከተመረቅሁ በኋላ፣ አሮጌ ቤቶች ጥገና ላይ ስሰማራ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤውዠን ቪዮሌ-ለ-ዱክ በ1814 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። የዘመኑ ታላቅ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወደነበረው ኤኮል ደ ቦዛር እንዲገባ ቢጠበቅም አሻፈረኝ አለ። እዚያ የግሪክና የሮም ናሙና ከመቅዳት ሌላ ነገር አይማሩም ባይ ነበር። ስለዚህ አርክቴክቶች ቢሮ እየሠራ፣ ፈረንሳይንና ጣሊያንን እየዞረ፣ ያየውን እየሳለ ተማረ። ለአሁን ተማሪዎቻችን ይሄን ባንነግራቸው ይሻላል!

በ1840፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ የታሪካዊ ሕንፃዎች ኢንስፔክተር የነበረው ደራሲ ፕሮስፔር ሜሪሜ የቬዝሌን ቤተ ክርስቲያን ጥገና አሰጠው። ሕንፃው ሊናድ ደርሶ ነበር። ወጣቱ የጣሪያውን ጭነት አቀለለ፣ ግድግዳውን ከውጭ የሚደግፉትን ቅስቶች መልሶ ሠራ። ቬዝሌ ዛሬም ቆማለች። ለኔ ከኖትር ዳም ይልቅ ትልቁ ሥራው ይሄ ነው፤ ሸክሙ በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ ሳይገባው ድንጋይ አልነካም።

ኖትር ዳምን በ1844 ከላሲዩስ ጋር ተረከበ፤ ላሲዩስ በ1857 ሲሞት ብቻውን ቀጠለ። በአብዮቱ አንገታቸው የተቆረጠውን የነገሥታት ሐውልቶች አስቀርጾ ተካ። ከፎቅ ቁልቁል የሚያዩት እንግዳ ፍጥረቶች የመካከለኛው ዘመን የሚመስሏቸው ቱሪስቶች አሉ፤ የሱ ፈጠራ ናቸው። በ1859 ከበፊቱ የረዘመ አዲስ ሾጣጣ ማማ አቆመ፤ ከግርጌው ከተደረደሩት ሐዋርያት መካከል ቶማስን በራሱ መልክ አስቀረጸና ፊቱን ወደ ማማው አዞረው። ትሕትና አላበዛም።

ካርካሶን ላይም እንዲሁ ነው። ሊፈርስ የነበረውን የከተማ ቅጥር አዳነ፣ ግን ለደቡብ ፈረንሳይ እንግዳ የሆነ ሹል የሰሌዳ ድንጋይ ጣሪያ ጫነበት። ጥገና ማለት ሕንፃውን ምናልባት ኖሮት ወደማያውቀው ሙሉነት መመለስ ነው ብሎ ያምን ነበርና። እንግሊዛዊው ራስኪን ደግሞ እንዲህ ያለው ጥገና ከማፍረስ የከፋ ነው ብሎ ጽፏል። የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር ጥገና ግምት ሲጀምር ማቆም አለበት ሲል ወደ ራስኪን ያደላል። ወደኛም ስንመጣ፣ ላሊበላ ላይ ጣሊያናዊው አንጀሊኒ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከደከመባቸው ሥራዎች አንዱ ቀደም ባለ ጥገና የተቀባውን ማንሳት ነበር፤ ፋሲል ግቢም በወረራው ዘመን በሲሚንቶ የተጠገነው በኋላ በኖራ ታርሟል። ቪዮሌ-ለ-ዱክ ቢያንስ ድንጋዩን ያውቅ ነበር።

መምህራኖቻችን ይሄን ይወዱት ይሆናል፦ በ1863 ያው የናቀው ኤኮል ደ ቦዛር ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው። ተማሪዎቹ በፉጨትና በጩኸት ስላላስተማሩት በወራት ውስጥ ለቀቀ። ሊያስተምር ያሰበውን መጽሐፍ አደረገው። ከዚያ በፊት የጀመረው የፈረንሳይ ሥነ ሕንፃ መዝገበ ቃላትም በ1868 አሥር ቅጽ ሆኖ አለቀ፤ ሥዕሎቹ ብቻ አንድ ሴሚስተር ያስተምራሉ። በስተርጅና የሞን ብላን ተራራን ዞሮ ካርታ አነሳ፣ የሎዛንን ካቴድራል ሲያስጠግን ቆይቶ እዚያው በ1879 አረፈ።

ሚያዝያ 15 ቀን 2019 ማማው ተቃጥሎ ወደቀ። ሐዋርያቱ ከአራት ቀን በፊት ለጥገና ወርደው ስለነበር ተረፉ። ዘመናዊ ማማ ይሠራ የሚሉ ብዙ ነበሩ፤ በመጨረሻ ግን የሱው እንዳለ እንዲመለስ ተወሰነ። አናጺዎቹም የዋርካ ያህል የገዘፉ የኦክ ዛፎችን አስቆርጠው፣ በተረፉት የሱ ንድፎች እየተመሩ መልሰው አቆሙት።