በአስተርጓሚ ወደ ወገኖቻቸው የተመለሱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ጊዜው ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ከወደቁ በኋላ መቅደላ አምባ በእንግሊዝ ጦር እጅ ገባች። ብራናው፣ ዘውዱና ንዋየ ቅድሳቱ ተዘርፎ ወደ ባሕር ወረደ። በዚያ ትርምስ ውስጥ ከወላጆቹ ተለይቶ የቀረ አንድ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃንም ነበረ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ሕፃኑን አንሥቶ ከጦሩ ጋር ወደ ህንድ ወሰደው።

ሕፃኑ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር የተወለደው ወርቅነህ፣ የነጋድራስ እሸቴ ወልደማርያም ልጅ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አፉን ፈትቷል፤ እናቱን ይጠራል፤ ውኃና እንጀራ ይለምናል። ነገር ግን የሚመልስለት ሰው ያጣ አንደበት ዝናብ እንደቀረበት ቡቃያ ነው። ህንድ ውስጥ በአማርኛ የሚያናግረው አልነበረምና ቋንቋው ጠፋ፤ ከቋንቋው ጋር ስሙም ጠፋ። አሳዳጊው ቻምበርሌን ብዙም ሳይቆይ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርት ወጪውን ቻለ። ልጁም ከሁለቱ መኮንኖች ስም ተዳብሎ ቻርልስ ማርቲን ተባለ።

ከዚያው ከመቅደላ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስም እንዲሁ አማርኛውን በባዕድ አገር ረስቶ፣ በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ዐርፏል። የወርቅነህ ዕጣ ግን ሌላ ሆነ።

በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤቶች ተምሮ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገና በወጣትነቱ ተመረቀ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ የሐኪምነት ማዕረጉን አጸና። በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ ሲያገለግል፣ በሁሉም ዘንድ የሚታወቀው ዶክተር ማርቲን ተብሎ ነበር።

በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ዜና በዓለም ሲናኝ ሐኪሙ የትውልድ አገራቸው ጉዳይ ዕረፍት ነሣቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ገቡ። በመቅደላ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጥቷል የሚለው ወሬ ከሰፈር ሰፈር ተዳረሰ። ወሬውን ከሰሙት መካከል በዚያው ጦርነት ልጅ የጠፋባቸው አንዲት አረጋዊት ነበሩ። መጥተው አዩዋቸው፤ በሕፃንነታቸው ያገኟቸውን ጠባሳዎች በእጃቸውና በእግራቸው ላይ ፈልገው አገኙ። አረጋዊቷ የእናታቸው እናት ነበሩ።

አያትና የልጅ ልጅ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲተቃቀፉ መካከላቸው አስተርጓሚ ቆሞ ነበር። እኒያ ባልቴት የመለሱላቸው ነገር እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ወርቅነህ የሚለውን ስም፣ እሸቴ የሚለውን የአባት ስም፣ የወገኖቻቸውንም ታሪክ ያኔ ሰሙ።

ሰላሳውን ዓመት ያለፈ ጎልማሳ፣ የተማረ ሐኪም፣ እንደ ቄስ ተማሪ ከሀ ሁ መነሣት ነበረባቸው። አማርኛን በሕፃንነታቸው ያገኙት ያለ ድካም ነበር፤ ሁለተኛ ግን በድካም ተማሩት። በሽተኛን ሲያክሙ ከሕመምተኞቻቸው አንደበት ሰሙት። ፈቃዳቸው ሲያልቅ ወደ በርማ ቢመለሱም፣ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደገና መጡ። ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜም ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተውም ልጆች አፈሩ። በ1911 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ኑሯቸውን በኢትዮጵያ አደላደሉ።

እንግሊዝኛው ግን አልለቀቃቸውም። የዕለት ማስታወሻቸውን የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነበር። በቤተ መንግሥቱ አካባቢም ባዕድ ያሳደጋቸው ናቸው እያለ የሚጠራጠራቸው አልጠፋም። ሐኪሙ ይህን በሥራ ተሻገሩት። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት ኀላፊነት ተሰጣቸው። ቀጥሎም የዓለምን መልክዐ ምድር በአማርኛ ጽፈው ለተማሪዎች አቀረቡ። አህጉራትንና ውቅያኖሶችን ለኢትዮጵያ ልጆች በገዛ ቋንቋቸው የነገሩት፣ ያን ቋንቋ አንድ ጊዜ ያጡት ሰው ናቸው።

በ1920 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ ሊሠራ ስለታሰበው ግድብ ለመነጋገር አሜሪካ ተላኩ። በዚያም ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው፣ ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ።

ገበሬው ግን ይበልጥ የሚያውቃቸው በጨርጨር ነው። በ1922 ዓ.ም. የዚያ ቡና አብቃይ አገር ገዥ ሆነው አስበ ተፈሪን ማዕከል አደረጉ፤ መንገድ አስወጡ። ሹመኛው ከባላገሩ ላይ እየለቀመ ከሚኖር በደመወዝ እንዲያድር የተሞከረበት አንዱ ስፍራ ጨርጨር ነበር። በዘመኑ አርአያ የሚባል ግዛት ለመሆን የበቃውም በዚህ ነው።

በ1927 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ ሲያንዣብብ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ለንደን ሄዱ። በስደት የተማሩት እንግሊዝኛ ያን ጊዜ ለአገር ዋለ። አስተርጓሚ ሳያስፈልጋቸው በየስብሰባው ተናገሩ፤ ለጋዜጦች ጻፉ፤ ለአገራቸው ርዳታ ለመኑ። መርዝ ጋዝ በገበሬው ላይ ሲዘንብ አቤቱታውን ያሰሙት በወሳጆቻቸው ቋንቋ ነበር።

ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ወራሪውን በመቃወም ተሰልፈው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ሁለቱም በኢጣሊያኖች ተገደሉ። አባት ሐዘናቸውን በባዕድ አገር ተቀመጡ።

ከነጻነት በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1945 ዓ.ም. መባቻም በአዲስ አበባ ዐረፉ።