ንጉሠ ነገሥቱና ትንሺቱ ውሻ

በአገራችን ውሻ የሥራ እንስሳ ነው። በጉቶ ጊዳ ገጠር ሌሊት ከብቱን ከጅብ ይጠብቃል፤ በቆሎ በደረሰ ጊዜም ዝንጀሮንና ከርከሮን ከማሳ ያባርራል። ማደሪያው ግን ደጅ ነው፤ ወደ ቤት ቢገባ በበትር ይወጣል። ነገር ግን ብዙ ዘመን በዙፋን የተቀመጡ አንድ ሰው በእርጅናቸው ወራት ትንሽ ውሻን ባልንጀራ አድርገው ነበር። እኒህም ሰው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ በሚባል ስፍራ ተወለዱ፤ ስማቸውም ተፈሪ ተባለ። እናታቸው በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። አባታቸው ራስ መኰንንም በ1898 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1903 ዓ.ም. ወይዘሮ መነንን አገቡ፤ ስድስት ልጆችም ወለዱ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ።

ዘውድ ግን ኀዘንን አይከለክልም። ሴት ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ በለንደን ሕፃናት በሚታከሙበት ሆስፒታል የአስታማሚነትን ትምህርት የተማሩ ነበሩ። ባላቸው አቢይ አበበ የወለጋ ገዥ ኾነው በተሾሙ ጊዜ አብረው ወደ ነቀምት መጡ። በዚያም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ዐረፉ፤ ዕድሜያቸውም ገና 22 ዓመት ነበረ። ሌሎችን ያስታመሙ እጆች በነቀምት ዐረፉ፤ የአባታቸውም ልብ እጅግ አዘነ።

ልዑል መኰንን በ1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞቱ። በየካቲት ወር 1954 ዓ.ም. ለሃምሳ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት እቴጌ መነን ዐረፉ። ሁለት ወር ያህል ቈይቶ የመጨረሻው ልጅ ልዑል ሣህለ ሥላሴ ተከተሉ። ንጉሠ ነገሥቱም ሰባ ዓመት ሊመላቸው ሲቃረብ ቤታቸው ጭር አለ።

በዚህ በኋለኛው ዘመን ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ ነበረቻቸው። ዘርዋ ቺዋዋ ይባላል፤ የተገኘውም ከሜክሲኮ አገር ነው። የዚህ ዘር ውሻ ክብደቱ ከ3 ኪሎ እምብዛም አያልፍም። ንጉሠ ነገሥቱ ይወዷት ነበር፤ በ1959 ዓ.ም. ወደ አሜሪካና ወደ ካናዳ በኼዱ ጊዜም አብራቸው ነበረች።

ይህ ነገር ሊያስደንቅ አይገባም። በቤተ መንግሥት ኹሉ ይሰግድላቸው ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ሹመት ይፈልጋል፤ ሌላው ርስት ይለምናል፤ ሌላውም ባልንጀራውን ይከሳል። ውሻ ግን ዘውድን አያውቅም። የጌታውን ድምፅና የጌታውን እጅ ብቻ ያውቃል። ጌታው ቢያረጅ አይንቀውም፤ ዝም ቢልም ዝም ብሎ ከእግሩ ሥር ይተኛል። ብቻውን ለቀረ ሽማግሌ ይህ ትልቅ መጽናኛ ነው።

ኾኖም ይህ ፍቅር በኋላ መክሰሻ ኾነባቸው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ጽኑ ረኃብ ገባ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም አለቀ። መንግሥታቸው ወሬውን ሸሸገ፤ እርዳታውም ዘገየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ የተራቡትን ሰዎች ሥዕል በቴሌቪዥን አሳየ፤ ከዚያም ጋራ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚታይበትን ሥዕል አጣምሮ አቀረበ። ያየ ሰው ኹሉ ተቈጣ። በማግሥቱም ከዙፋን ወረዱ። ደርግ ሁለቱን ሥዕሎች ያጣመረው ለራሱ ሐሳብ ነበር፤ ረኃቡ ግን እውነት ነበረ።

ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ሞቱ። ዐፅማቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቀብሮ ቈይቶ በ1984 ዓ.ም. ተገኘ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ።

ልጆች ሆይ፤ እንስሳን መውደድ ነውር አይደለም። ውሻውን የሚያበላና የማይደበድብ ልጅ ልቡ መልካም ነው። ነገር ግን ለውሻው እንጀራ የሚቈርስ ሰው አስቀድሞ በደጁ የተራበ ሰው እንዳለ ይመልከት። ደግሞም በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ብቻውን የሚቀመጥ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ቢኖር ኼዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ውሻ ይህን ያህል ካጽናና፤ የሰው ልጅማ ምንኛ አብልጦ ሊያጽናና ይገባዋል!