ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፦ በደብረ ማርቆሱ ቤተ መንግሥት ሲነገር ገበሬውንም የሚያስታውስ ሕይወት

ከእንጅባራ ተነሥቶ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ የአዊ ሰው ደብረ ማርቆስን ሳይረግጥ አያልፍም። በዚህች ከተማ የጎጃሙ ገዥ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ይገኛል። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ቅርስ የጎጃምን ብቻ ሳይሆን የአገው ምድርንም ታሪክ ይዟል።

የታሪክ ቤትን ማስጎብኘት በብዙ ስፍራ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። መምህሩ ከክፍል ሲወጣ፣ ተማሪው ቅዳሜና እሑድ እንግዳ ተቀብሎ የአንድን ሰው ሙሉ ዕድሜ በግማሽ ሰዓት ይተርካል። ጊዜው አጭር ነውና ዘውዱና ድሉ ይነገራል፤ ግብሩን የከፈለው ገበሬ ግን ብዙውን ጊዜ ከበር ውጭ ይቀራል። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሕይወት ግን ሁለቱን ነጣጥሎ ለመተረክ አይመችም።

ንጉሡ በ1839 ዓ.ም. አካባቢ ሲወለዱ የተሰጣቸው ስም አዳል ነው። አባታቸው ተሰማ ጎሹ የጎጃምና የዳሞት ገዥ ከነበሩት ከጎሹ ዘውዴ ይወለዳሉ። አዳል ገና ሕፃን ሳሉ በ1845 ዓ.ም. አያታቸው ጉር አምባ ላይ ከካሣ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉት፣ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ከዚያ በኋላ የቤተሰቡ ሥልጣን ተናጋ፤ አዳልም የአያታቸውን ግዛት በጉልበትም በብልሃትም መልሰው መያዝ ነበረባቸው።

ብርቱ ተፎካካሪያቸው የተድላ ጓሉ ልጅ ደስታ ነበሩ። አዳል የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን እኅት ወይዘሮ ላቀች ገብረ መድኅንን በማግባታቸው ኃይላቸው ጨመረ። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በ1863 ዓ.ም. አድዋ ላይ ተሸንፈው ዙፋኑ ለዐፄ ዮሐንስ ሲያልፍም አዳል ከጎጃም አልተነቀሉም። ደስታን አሸንፈው ለዐፄ ዮሐንስ ገበሩ፤ የራስነት ማዕረግም አገኙ። በጥር 1873 ዓ.ም. ደግሞ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ዘውድ ጫኑ። በፈረስ ስማቸው አባ ጠና ይባሉ ነበር።

ከፋ በማዕረጉ ውስጥ የገባው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና ሌላው የደቡብ ምዕራብ ሸቀጥ ዓባይን ተሻግሮ በባሶ ገበያ ወደ ሰሜን ያልፍ ነበር። ያን የንግድ መስመር የያዘ ጦሩን ለማስታጠቅ አይቸገርም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይኸንኑ ይፈልጉ ነበርና ሁለቱ ንጉሦች በግንቦት 1874 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ እምባቦ ላይ ገጠሙ። ድሉ የሸዋ ሆነ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ።

የዚህ ጦርነት መዘዝ እስከ አገው ምድር ደረሰ። ዐፄ ዮሐንስ ያለ ፈቃዳቸው የተዋጉትን ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት ደግሞ አገው ምድርን ወሰዱ። የዛሬዋ እንጅባራና ዳንግላ የሚገኙበት አገር እንደ ቅጣት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተላለፈ። አራሹን የጠየቀው አልነበረም። አገው ምድር ከዚያ ዘመን በፊት ጀምሮ ማሩ፣ ቅቤውና ከብቱ በነገሥታት ዘንድ የሚፈለግ ለም ምድር ነበርና ቅጣቱ በካርታ ላይ ከሚሰመር መስመር ይበልጣል፤ የግብሩ ማርና ከብት ወዴት እንደሚነዳ የሚወስን ነበር።

ቀጣዩ ፈተና ከምዕራብ መጣ። ንጉሡ በ1879 ዓ.ም. መተማ አካባቢ የነበረውን የማኅዲስት ጦር ድል አደረጉ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ በሐምዳን አቡ አንጃ የሚመራ ብዙ ጦር ለበቀል ዘመተና በደምብያ ሳር ውኃ ላይ የጎጃምን ሠራዊት ሰበረው። ጎንደርም ተቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ተዘረፉ።

ከዚህ ሽንፈት በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ንጉሥ ምኒልክ በዐፄ ዮሐንስ ላይ መከሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ሲሰሙ በ1881 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው ጎጃም ገቡ። በዚያን ጊዜ ወታደር የወር ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚበላው ካረፈበት አገር ጎተራና በረት ነበር። ስለዚህ ያመፀው ገዥ ቢሆንም ቅጣቱን የተቀበለው ገበሬው ነው። እህሉ ተበላ፤ ከብቱ ተነዳ፤ ቤቱ ተቃጠለ። ንጉሡ እጃቸውን ሰጥተው ምሕረት ሲያገኙ የገበሬው ጎተራ ግን ባዶውን ቀረ። ዐፄ ዮሐንስም ከጎጃም ወጥተው ወደ መተማ ዘመቱ፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በጦርነቱ ቆስለው ዐረፉ።

ጎጃም በዚህ ሁኔታ ሳለ ክፉ ቀን ደረሰ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው በዚህ መዓት ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በባሕር በኩል ገብቶ የአገሪቱን ከብት ፈጀ። ድርቅ፣ አንበጣና ተምችም ተከተሉት። በሬ የሌለው ገበሬ ማሳውን በዶማ ከመቆፈር ሌላ አማራጭ አልነበረውም፤ ዘሩን የበላም የሚዘራው አጣ። ለበሽታው ያን ጊዜ ክትባት አልነበረም። ደስታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2003 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከብቱን ለክትባት የሚያወጣ አርሶ አደር የዚያ ዘመን ገበሬ ያላገኘውን ጋሻ ይዟል።

ዐፄ ምኒልክ ሲነግሡ ተክለ ሃይማኖት ገብረው የጎጃም ንጉሥነታቸው ጸና። በእምባቦ የተሸነፉት ንጉሥ በየካቲት 1888 ዓ.ም. የጎጃምን ሠራዊት አስከትለው ከቀድሞ ባላጋራቸው ጎን በአድዋ ተሰለፉ፤ ከባዕድ ወራሪ ፊት የቆየውን ቂም ወደ ኋላ ተዉት። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ሲወጡ የሚያስቡት ፈረስ በአድዋ የዋለውን ውለታ ነው።

የንጉሡ ዘመን የጦርነት ብቻ አልነበረም። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው መናገሻቸው ንጉሡ ባሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወልደው በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው ጎጃም የገቡት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራም በንጉሡ ቤት አድገው ሠዓሊና የታሪክ ጸሐፊ ሆኑ። ዛሬ ስለ ጎጃም ነገሥታት ከምናውቀው ብዙው የደረሰን በእኒህ ሰው ብዕር ነው። በምርኮ የመጣ ልጅ የማረከውን ቤት ታሪክ ጽፎ ማቆየቱ በዚያ ዘመን ሕይወት ውስጥ ግፍና በጎነት ምን ያህል ተጎራብተው እንደነበር ያሳያል።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1893 ዓ.ም. ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ ጎጃም በንጉሥ አልተገዛም። ልጃቸው ራስ ኃይሉ ጎጃምን እስከ 1924 ዓ.ም. ቢገዙም የንጉሥነት ዘውድ አልጫኑም።

ቅርስ ጠባቂ ብቻ ሳይሆን ተራኪም ይሻል። በትርፍ ጊዜው እንግዳ የሚቀበል ወጣት እምባቦን ሲያነሣ አገው ምድርን፣ ዘውዱን ሲያነሣ የገባሩን ጎተራ፣ አድዋን ሲያነሣ ስንቁን ያቀረበውን ገበሬ ቢጨምር ትረካው የሚረዝመው በጥቂት ደቂቃ ነው። ከአንከሻ፣ ከባንጃ ወይም ከዳንግላ የሄደ ጎብኚ ግን በዚያች ጥቂት ደቂቃ የራሱን አያት ታሪክ ይሰማል፤ የንጉሥ ብቻ መስሎ የታየውን ቤትም የእኔ ቅርስ ነው ብሎ ይጠብቀዋል።