ቤትን በጥላ ያስፈራ ሠዓሊ

የአዲስ አበባ ሰው በጥንት ጊዜ ሲኒማ የሚታይበትን ቤት የሰይጣን ቤት ይለው ነበር። ይህ ስም የሚገባውን ቤት በሸራ ላይ የሠራው ግን ፓውል ሌኒ ነው ብንል አናጋንንም። ሌኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ተወለደ። መጀመሪያ ሠዓሊ ነበረ፤ ኋላም ለቲያትርና ለፊልም መድረክ አዘጋጀ። በ1924 «የሰም ምስሎች» የተባለው ፊልሙ ስሙን ስላስጠራው የዩኒቨርሳሉ ካርል ሌምሊ ወደ ሆሊውድ ጠራው።

እዚያም በ1927 «ድመትና የካናሪ ወፍ» የተባለውን ድምፅ አልባ ፊልም ሠራ። ታሪኩ ተራ ነው፤ ዘመዳሞች የሟችን ኑዛዜ ለመስማት በእኩለ ሌሊት በአሮጌ ቤት ይሰበሰባሉ። የሚያስደንቀው አሠራሩ ነው። ሕመምተኛው ባለጸጋ ከራሱ በሚበልጡ የመድኃኒት ጠርሙሶች መካከል ሆኖ ግዙፍ ድመቶች ከበውት ይታያል። ካሜራው መጋረጃ በሚውለበለብበት ረጅም መተላለፊያ ውስጥ እንደ ሌባ ቀስ እያለ ይሄዳል። መብራት በጠፋ ማታ ኮልፌ ውስጥ ሻማ ያበራ ሰው የገዛ ጥላው ግድግዳው ላይ ሲገዝፍ አይቷል፤ ሌኒም ከዚህ የተለየ ምትሐት አልነበረውም። በፊልሙ ውስጥ መንፈስ የለም፤ አስፈሪው ሰው ነው። ይህንንም እኛ ከሁሉ አብልጠን እንወድለታለን።

ዕድሜ ግን አላገኘም። በ1929 ሳይታከም የቆየ የጥርስ ሕመም ደሙን መርዞት በ44 ዓመቱ ሞተ። ዩኒቨርሳል «ድራኩላ»ንና «ፍራንከንስታይን»ን ያወጣው በ1931 ነው፤ የሁለቱንም ፊልሞች ቤት የነደፈው ቻርልስ ሆል አስቀድሞ የሌኒን አሮጌ ቤት የሠራ ሰው ነበረ።