ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር፣ የተራሮቻችን ዕፀዋት ሰብሳቢ

እንጦጦን ከአራት ኪሎ ሆኖ የሚመለከት ሰው ከራጉኤልና ከማርያም አንሥቶ እስከ የካ ትከሻ ድረስ ያለው ሁሉ ባሕር ዛፍ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን እግሩ የጠና ተማሪ ወደ ላይ ወጥቶ ድንጋያማውን ስፍራ ቢመረምር ከጥድ፣ ከቀጋና ከአምጃ ጋር ተጠጋግቶ የቆመ ሌላ ቁጥቋጦ ያገኛል። ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነና ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ነው። አበባው ነጭ፣ የደወል ቅርጽ ያለው፣ እጅግ ትንሽ፣ ግን በብዛቱ ቅርንጫፉን የሚያለብስ ነው። ይህ ባላገሩ አስታ የሚለው ዛፍ ነው። በሳይንስ ስሙ ኤሪካ አርቦሬያ ይባላል።

ይህን የላቲን ስም በደብተራችን ስንጽፍ ነገሩ ቀላል ይመስለናል። ስሙን ያወጣው ስዊድናዊው ሊኔየስ ነው፤ ዘመኑም 1753 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሊኔየስ ስሙን የሰጠው ግን ለሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ቁጥቋጦ ነበረ፤ ከሥሩ ጉብታ ፒፓ ለሚፈለፈልበት ለዚያ ለታወቀው እንጨት ማለት ነው። ታዲያ የእኛ አስታ ከዚያ ጋር አንድ መሆኑ በምን ታወቀ? በወሬ ወይም በመምሰል ብቻ አይታወቅም። ከእኛ ተራራ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በወረቀት መካከል ደርቆ፣ የተቆረጠበት ስፍራና ቀን ተጽፎበት፣ ከዚያኛው ጎን ሊቀመጥና ሊመዘን ያስፈልጋል። ባለፈው ሺህ ስምንት መቶዎቹ ዘመን ይህን ሥራ ከሁሉ አብዝቶ የሠራልን ሰው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ከነስሙ የሚታወቀው በዕፀዋት ተማሪዎች ዘንድ ብቻ ስለሆነ ሕይወቱን በአጭሩ ልንነግር ፈቀድን።

ሺምፐር በ1804 በጀርመን አገር፣ በባቫርያ ክፍል ተወለደ። ወላጆቹ በስም እንጂ በገንዘብ የታወቁ አልነበሩም። በልጅነቱ የእጅ ሥራ ተማረ፣ ወታደርም ሆነ፤ የተፈጥሮን ሳይንስ በሙኒክ የቀሰመው ከዚያ በኋላ ነው። ታላቅ ወንድሙ ካርል ፍሪድሪክ በትምህርት ዓለም ስመ ጥሩ ነበረ፤ ምድር በጥንት ዘመን በበረዶ ተሸፍና እንደ ነበር ተናግሮ በ1837 የበረዶ ዘመን የሚለውን ቃል ያወጣ እርሱ ነው። ታናሹ ግን የመጻሕፍት ሰው ከመሆን ይልቅ የመንገድ ሰው ሆነ።

በኤስሊንገን ከተማ ሽቶይደልና ሆኽሽቴተር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ያቋቋሙት የጉዞ ማኅበር ነበረ። የማኅበሩ አሠራር በጊዜው አዲስ ነገር ነው። የዕፀዋት ወዳጆች የሆኑ ሰዎች ገንዘባቸውን አስቀድመው ይከፍላሉ፤ ማኅበሩ በዚህ ገንዘብ አንድ ሰብሳቢ ወደ ሩቅ አገር ይልካል፤ ሰብሳቢውም የእያንዳንዱን ተክል ቅርንጫፍ አንድ ሳይሆን ብዙ ብዙ አድርጎ ቆርጦ፣ ተጭኖ፣ አድርቆ ይልካል፤ በመጨረሻም ድርሻው ለከፋዮቹ ይከፋፈላል። በዚህ ዓይነት አንድ ዓይነት ናሙና በፓሪስም፣ በለንደንም፣ በቱቢንገንም፣ በበርሊንም ይገኛል። ሺምፐር ለዚህ ማኅበር በመጀመሪያ በአልጄሪያ፣ ከዚያም በግብፅ፣ በሲናና በዐረብ አገር ደከመ። በ1837 ምጽዋን አልፎ ወደ ዓድዋ ወጣ። የተላከው ሰብስቦ ሊመለስ ነበረ፤ እርሱ ግን ዕድሜውን እስኪጨርስ ድረስ በኢትዮጵያ ኖረ።

በዚያን ጊዜ ትግራይንና ስሜንን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ እንግዳውን በመልካም ተቀበሉት፤ ሺምፐርም በእርሳቸው ጥላ ሥር ወደ ስሜን ተራሮች ወጣ። ተራራውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ጉዞ የዕፀዋትን ሥርዐት በደረጃ የሚያሳይ ትምህርት ቤት ነው። ከታች ቆላው፣ ከዚያ ወይራና ጥዱ፣ ከዚያ ኮሶው፣ ከዚያ አስታው፣ ከአስታው በላይ ጅብራና ሣር ብቻ ይቀራል። በስሜን የዛፍ መጨረሻው አስታ ነው፤ ከእርሱ በላይ ዛፍ የሚባል የለም።

የአስታን ስም በተመለከተ ከሺምፐር በፊት አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ሌላው ጀርመናዊ መንገደኛ ኤድዋርድ ሪፐል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ስሜንን ጎብኝቶ የተመለሰበትን ዕፀዋት በፍራንክፈርት ፍሬዜኒዩስ የሚባል ሊቅ ሲመረምር፣ የስሜኑ አስታ አዲስ ዝርያ መስሎት ኤሪካ አክሮፊያ ብሎ ሰየመው። ከሜዲትራኒያን ይህን ያህል የራቀ ተራራ ላይ የበቀለ ነገር ሌላ መሆን አለበት ብሎ ማሰብ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን አንድ ናሙና ለማመሳከር አይበቃም፤ አንዱ ቅርንጫፍ ረጅም ቅጠል ሊኖረው፣ ሌላው አጭር ሊሆን ይችላል። ከብዙ ስፍራ የተሰበሰበ ብዙ ቅርንጫፍ ሲገኝ ልዩነቱ እየጠፋ ሄደ፤ በመጨረሻም አክሮፊያ የሚለው ስም ተሰርዞ የስሜኑም አስታ በሊኔየስ ስም ተጠራ። በዕፀዋት ምደባ ውስጥ ስም ማውጣት ብቻ ሳይሆን ትርፍ ስም ማንሣትም ሥራ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

የሺምፐርን ናሙናዎች በኤስሊንገን ሆኽሽቴተር፣ በፓሪስ ደግሞ አሺል ሪሻር ይመረምሩ ነበር። ሪሻር የኢትዮጵያን ዕፀዋት የሚዘረዝር ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ከ1847 እስከ 1851 በላቲን አሳተመ። እርሱ አገራችንን በዓይኑ አላየም። ካርቲን ዲዮንና ፐቲ የሚባሉት ፈረንሳውያን ሰብሳቢዎቹ ሁለቱም በኢትዮጵያ ሞተው ቀርተዋል፤ አንዱን በ1840 የቆላ ንዳድ ገደለው፣ ሁለተኛውን በ1843 በዓባይ ወንዝ ውስጥ አዞ ወሰደው። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ የእነርሱ ናሙና ሲጎድል የሺምፐር ናሙና ቦታውን ይሞላል። ከአስታ ዘመዶች አንዷ፣ በደጋ ሣር መካከል የምትበቅለው ትንሽ ቁጥቋጦ፣ ብሌሪያ ስፒካታ ተብላ የተመዘገበችው በዚህ መጽሐፍ ነው።

ለምን ኤሪካ አልተባለችም? የዘመኑ ሊቃውንት በአስታ ቤተሰብ ውስጥ ወገን ከወገን የሚለዩት በአበባው ውስጣዊ አካል ነበረ። የወንዴ ዘር የሚሸከሙት ክሮች ስምንት ቢሆኑ ኤሪካ፣ አራት ቢሆኑ ብሌሪያ ይሉታል። አበባውን ከሥር ከሚያቅፉት ቅጠሎች አንዱ ከሌሎቹ በልጦ ቢታይ ደግሞ ፊሊፒያ ነው። በባሌ ተራሮች ከአስታ ጋር ተቀላቅሎ የሚበቅለው ሌላው የደጋ ዛፍ ለረጅም ጊዜ ፊሊፒያ ትሪሜራ ሲባል የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ሥርዐቱ ንጹሕ ይመስላል፤ ፍጻሜውን ግን ወደ ኋላ እናያለን።

ወደ ሰውየው ሕይወት እንመለስ። በአውሮፓ ማኅበሩ ሲዳከምና ገንዘብ ሲቋረጥ ሺምፐር አገሩ አልገባም። ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጆች ወለደ፤ ደጃዝማች ውቤም የእንትጮን አገር ሰጥተው ገዥ አደረጉት። ቅጠል ለቃሚው ባለ ርስት ሆነ፤ ግብር ተቀበለ፣ ዳኝነት ተቀመጠ፣ ከባላገሩ ጋር ዘራ፣ ዐጨደ። የሀብቱ ዘመን ግን ከጌታው ዘመን አልረዘመም። በየካቲት 1855 ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ጦርነት በደጃዝማች ካሣ ድል ሆኑ። ካሣም በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጭነው ዓፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ሺምፐር ሹመቱንና መሬቱን አጥቶ፣ በሃምሳ ዓመቱ እንደገና ወደ ወረቀትና ወደ መጭመቂያው ተመለሰ።

የድካሙ ምርጥ ፍሬ የተገኘው ከዚህ ችግር በኋላ ነው ለማለት ይቻላል። በ1860ዎቹ ዓመታት ስለ ትግራይ ዕፀዋት ሰፊ ማስታወሻ ጻፈ። በዚህ ጽሑፍ ተክሉ የበቀለበትን የመሬት ዓይነት፣ ከፍታውን፣ ያበበበትን ወራት፣ አገሬው የሚጠራበትን ስምና ለምን እንደሚጠቀምበት ይዘረዝራል። የምድሩንም ካርታ ነደፈ። ይህ ከፊተኛው ሥራው በዓይነቱ ይለያል። በ1837 የነበረው ሺምፐር ቁጥር የሚለጥፍ ሰብሳቢ ነበረ፤ በ1860ዎቹ የነበረው ሺምፐር ግን በአገሩ ቋንቋ የሚጠይቅና የሚሰማ ሽማግሌ ነው። ጽሑፉ ወደ ለንደን ተወስዶ ከመቶ ዓመት በላይ ብዙ ሰው ሳያነበው ተቀመጠ፤ ተገልብጦ፣ ተተርጉሞ ለአንባቢ የቀረበው በዚህ በእኛ ክፍለ ዘመን ነው።

በዓፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት ሺምፐርም ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር በመቅደላ ተገኘ። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ ነፃ ከወጡት አንዱ እርሱ ነው። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነበረ። ብዙዎቹ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ወረዱ፤ እርሱ ግን ወደ ትግራይ ተመለሰ። በ1878 በዓድዋ ሞተ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እርሱ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ከሞቱ በኋላ የሥራው ዕጣ ከሕይወቱ ይልቅ ያስደንቃል። በመጋቢት 1943 የበርሊን የዕፀዋት ቤተ መዘክር በአውሮፕላን ቦምብ ተቃጠለ። በውስጡ የነበረው የኢትዮጵያ ናሙናም ዐመድ ሆነ። ሺምፐር አንዱን ተክል ደጋግሞ ቆርጦ ለብዙ ከተማ ባይልክ ኖሮ ብዙው ስም ማስረጃ አጥቶ በቀረ ነበር። በፓሪስና በሌሎች ከተሞች መንትያው ስለ ተገኘ ሊቃውንት እንደገና ሊያመሳክሩ ቻሉ።

ያ ንጹሕ የመሰለው ሥርዐትም ፈረሰ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ተመራማሪዎች የክሮቹ ቁጥርና የአቃፊው ቅጠል መጠን ዘመድን ከባዕድ እንደማይለዩ ስላረጋገጡ ብሌሪያንና ፊሊፒያን አንሥተው ሁሉንም ወደ ኤሪካ ጨመሩ። የባሌው ዛፍ ዛሬ ኤሪካ ትሪሜራ ነው። በ2011 የታተመ አንድ ጥናትም የአስታን የዘር ምልክት መርምሮ፣ አስታ ከሜዲትራኒያን ወደ እኛ የመጣ ሳይሆን ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ሜዲትራኒያን የሄደ መሆኑን ወደ ማመን አዘነበለ። ሊኔየስ ስሙን የሰጠው ለልጁ ሆኖ እናቱ በእኛ ተራራ ላይ ነበረች ማለት ነው። ሊቃውንት ተለወጡ፣ ስሞች ተለወጡ፤ ያልተለወጠው በወረቀት ላይ የተሰፋው ደረቅ ቅርንጫፍና ከጎኑ የተጻፈው ስፍራና ቀን ብቻ ነው።

ሺምፐርን ስናመሰግን ጉድለቱንም አንሸፍን። በናሙናዎቹ ወረቀት ላይ የእርሱ ስምና ቁጥር ሲኖር ተክሉን ያሳዩት ባላገሮች፣ ሸክሙን የተሸከሙት ልጆች ስም የለም። ሻይ የምናፈላበት ጦስኝ በዓለም ፊት ቲሙስ ሺምፔሪ ይባላል፤ መርዘኛው ምረንዝም አኮካንቴራ ሺምፔሪ ነው። እነዚህን ከእርሱ በፊት ያወቋቸውና የለዩዋቸው ግን የእኛ አያቶች ናቸው። ናሙናዎቹም ከአገር ውጭ ስለ ተቀመጡ ረጅም ዘመን የገዛ ተራራችንን ለማወቅ ወደ ፓሪስና ወደ ለንደን መጻፍ ነበረብን።

ይህን ቀንበር የሰበረው የራሳችን ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1959 በሳይንስ ፋኩልቲ የተመሠረተው ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክር ዛሬም በአራት ኪሎ ይገኛል። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መዝገብ በ2009 በስምንት ቅጽ ተፈጸመ፤ እነ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና እነ ሰብስቤ ደምሰው ከውጭ ሊቃውንት ጋር የደከሙበት ነው። የአስታ ቤተሰብ የተመዘገበበት ክፍል በ2003 ወጥቷል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሥራው አለቀ እንዳንል። በእንጦጦና በየካ ትከሻ ላይ አስታ ለማገዶ ይቆረጣል፤ ባሕር ዛፍም ቦታውን ይሻማዋል። ከተማይቱ ከተቆረቆረች ወዲህ ከዚያ ተራራ ምን እንደ ጠፋ ለማወቅ የምንችለው ቀድሞ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ካለ ብቻ ነው፤ ዛሬ የሚቆረጠውም ለነገ እንዲሁ ይሆናል። መጭመቂያው ሁለት ሳንቃና አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ዕቃ አያስፈልግም። አንዲት ቅርንጫፍ ከነአበባዋ ይዞ፣ ስፍራውን፣ ከፍታውንና ቀኑን ጽፎ ለአራት ኪሎው ቤተ መዘክር የሚያስረክብ ተማሪ የሺምፐርን ሥራ ሠራ። ከዚያው ወረቀት ላይ ተክሉን በስሙ ጠርተው ያሳዩትን የእንጦጦ እናት ስም፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ ቢጨምርበት ደግሞ ሺምፐር የተወውን ፈጸመ።