ሰር ጆናታን ሀቺንሰንና የሞርቲመር ደዌ

ሰር ጆናታን ሀቺንሰን በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር ግዛት፣ ሴልቢ በተባለች ከተማ በ1828 ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዮርክ ከተማ በአንድ ሐኪም ሥር ከተለማመዱ በኋላ በለንደን የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ተምረው በ1850 የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ አባል ሆኑ። በለንደን ሆስፒታል በቀዶ ሐኪምነት ሲያገለግሉ፣ ጎን ለጎን የዓይንና የቆዳ ሕሙማንን ያክሙ ነበር። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ቂጥኝ በጥርስ ቅርፅ፣ በዓይንና በጆሮ ላይ ትቶት በሚያልፈው ምልክት እንደሚታወቅ ያስተማሩት እሳቸው መሆናቸውን የማያውቅ የሙያ ባልደረባ ያለ አይመስለኝም። እዚህ የማወሳው ግን እምብዛም የማይነገርላቸውን ሌላ ሥራቸውን ነው።

በ1869 በከሰል ድንጋይ ማራገፊያ ስፍራ የሚሠራ የ58 ዓመት ሰው ወደ እሳቸው መጣ። በእጆቹና በእግሮቹ ላይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ እብጠት ወጥቶበታል፤ ሕመም ግን የለውም። ሰውየው ሪህ ስለ ነበረበት ሀቺንሰን የቆዳውን ነገር ከሪሁ ጋር አያያዙት። በሽተኛው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኩላሊት በሽታ ሞተ። በ1898 ደግሞ ፊታቸውና ክንዳቸው የደፈረሰ ቀይ እብጠት የወጣባቸውን የ64 ዓመት ሴት ታሪክ ጽፈው፣ በሽታውን በሴትየዋ ስም የሞርቲመር ደዌ ብለው ሰየሙት። በማግስቱ ዓመት ኖርዌያዊው ቄሳር ቡክ የአንድ የ36 ዓመት ፖሊስን ቆዳ በማይክሮስኮፕ መርምሮ ሳርኮይድ የሚለውን ቃል አወጣ። ዛሬ ሳርኮይዶሲስ የምንለው ስም የመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት አሮጊት፣ አንድ ጎልማሳ። በሽታው የትኛውን ዕድሜና የትኛውን ፆታ እንደሚያዘወትር ከሦስት ሰዎች ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ሀቺንሰንም አልሞከሩም። ልማዳቸው እያንዳንዱን በሽተኛ ለብቻው ማየት፣ ሥዕሉን በቀለም ማሣልና ታሪኩን መመዝገብ ነበር። ቆጠራው የተቻለው የደረት ራጅ ከመጣ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ቆዳቸው ንጹሕ ሆኖ በሽታው በሳንባቸውና በደረታቸው ንፍፊቶች የተደበቀባቸው ሰዎች የታዩት ያን ጊዜ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በስካንዲናቪያ በተደረገው የብዙኃን ራጅ ምርመራ ብዙ ወጣቶች ስለ ተገኙ፣ ሳርኮይዶሲስ ከ40 ዓመት በታች ያሉ ሰዎች በሽታ ነው የሚለው ትምህርት ሥር ሰደደ።

ይህ ትምህርት ግን ለሁሉም ሕዝብ እኩል አይሠራም። በስዊድን ወንዶች በብዛት የሚያዙት ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ሴቶች ግን ከ50 እስከ 60 ነው። በጃፓን በሽታው ብርቅ ነው፤ በ2004 በተደረገው ቆጠራ በዓመት ከ100,000 ሰው የተያዘው አንድ ያህል ብቻ ነበር። በዚያም የሴቶቹ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል፤ አንዴ በወጣትነት፣ አንዴ ከ50 ዓመት በኋላ። በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ ከ1990 እስከ 1994 በተደረገው ክትትል፣ ከ100,000 ጥቁሮች በዓመት 35.5፣ ከነጮች ደግሞ 10.9 ሰዎች ታመዋል፤ ከሁሉ የከፋው ዕጣ የደረሰው ከ30 እስከ 39 ዓመት ባሉት ጥቁር ሴቶች ላይ ነው። ልዩነቱ ከዘር ውርስ ይሁን፣ ከሆርሞን ወይም ከአካባቢ፣ ክርክሩ አላለቀም። ነገር ግን ያቺ የ64 ዓመት እንግሊዛዊት ዛሬ ወደ አንዱ ክሊኒክ ብትገባ፣ ዕድሜዋ ብቻ አይቶ ሳርኮይዶሲስን ከሐሳቡ የሚያወጣ ሐኪም አይታጣም። እንደ እኛ ሳንባ ነቀርሳ በበዛበት አገርማ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያስበው ነቀርሳን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው፣ መድኃኒቱ ባይሠራ ግን ሌላውን ማሰብ ይገባል።

ሀቺንሰን ግን ሁልጊዜ እንዲህ ጥንቁቅ አልነበሩም። ሥጋ ደዌ የሚመጣው የተበላሸ ዓሣ ከመብላት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሐንሰን ባሲሉን በ1873 ካገኘ በኋላም አልተመለሱም፤ በስተርጅና ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ሕንድ ተጉዘው፣ በ1906 ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አሳተሙ። በአንድ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ያን ያህል የሚያስተውለው ዓይን፣ ስለ ሕዝብ ሁሉ ሲናገር ማስረጃ አልጠበቀም።

በ1908 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። በ1913 ቤተ መዘክር ባቋቋሙባት በሄዝልሚር ከተማ በ84 ዓመታቸው አረፉ። የሞርቲመር ደዌ የሚለው ስም ከጥቅም ውጭ ሆኗል፤ የሕሙማኑ ባለ ቀለም ሥዕሎች ስብስብ ግን በአሜሪካ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ።