አበበ ቢቂላ፦ ከባዶ እግር ወደ ጫማ

ስለ አበበ ቢቂላ ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ባዶ እግሩ ነው። የድሉ ምስጢር እሱ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ጀግናው ምርጥ ሰዓቱን ያስመዘገበው ጫማ አድርጎ ነው!

አበበ እ.ኤ.አ በ1932 ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። የክብር ዘበኛ ወታደር ሳለ በስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እጅ ገባ። ኒስካነን ረጅም ሩጫን ከአጫጭርና ፈጣን ምልልሶች ጋር አዳቅሎ አሰለጠነው።

ለ1960ው የሮም ኦሊምፒክ የተገዛለት አዲስ ጫማ ግን እግሩን ላጠው። በባዶ እግሩ ኳስ መጫወት የለመደ የእምድብር ወይም የወልቂጤ ልጅ ታኬታ ያደረገ ቀን ኳሷ እንዴት እምቢ እንደምትለው ያውቀዋል። አበበም ጫማውን ትቶ በለመደው መንገድ ሮጠ። ሞሮኳዊውን ራዲን በመጨረሻው ላይ ጥሎት ሄዶ በ2፡15፡16.2 አሸነፈ። የዓለም ፈጣን ሰዓት ነበር።

ታዲያ በዚያው ቀረ? አልቀረም። በ1961 ኦሳካ ላይ ጃፓናዊው ጫማ ሰሪ ኦኒትሱካ ለምኖ አሳመነውና በጫማ ሮጦ አሸነፈ። በ1963 ቦስተን ላይ 5ኛ ወጣ። በ1964 ቶኪዮ ሲደርስ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ህክምና ካስወጣ ገና አምስት ሳምንቱ ነበር። ነጭ ካልሲና ፑማ ጫማ አድርጎ 2፡12፡11.2 ገባ። ከሮሙ ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ከምናምን ቀነሰ፤ ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ሂትሊን ደግሞ ከአራት ደቂቃ በላይ በለጠው። ማራቶንን በተከታታይ ኦሊምፒክ ሁለቴ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በ1968 ሜክሲኮ ላይ በእግሩ ጉዳት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አስቀረልን። በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እሱ ግን እጅ አልሰጠም። በ1970 በእንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በቀስት ውርወራ ተካፈለ። ሯጩ ሰውዬ በክንዱ የሚሰራ ስፖርት ከሀ ብሎ ተማረ ማለት ነው። በጥቅምት 1973 በ41 ዓመቱ አረፈ።

ጫማው ከዚያ ወዲህም ብዙ ተጉዟል። በ2023 በርሊን ላይ ትዕግስት አሰፋ 138 ግራም በምትመዝን ጫማ 2፡11፡53 ሮጣ በወቅቱ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት በ18 ሰከንድ ትፈጥናለች!

ይሄ የአበበን ክብር አይቀንስም። ዛሬም ልጆቻችንን ባዶ እግር ይሻላል የምንል ካለን ግን የእሱን ታሪክ ግማሹን ብቻ ነው የሰማነው። አበበ ሮም ላይ ያዋጣውን ቶኪዮ ላይ ሳይሰስት ለውጦታል።